እናቴን ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ላመጣት ነው፤ የት እናርፋለን?

ጠያቂ (ከወልድያ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። የማሕፀን በር ካንሰር ነው ተብሎ ከደሴ ወደ ጥቁር አንበሳ ሪፈር ተጻፈላት። ጨረር ያስፈልጋታል አሉ። አዲስ አበባ ዘመድ የለንም፤ አልጋ ተከራይቶ ሳምንታት መክረም አቅማችን አይደለም። የማኅበረሰብ ጤና መድን ግን አለን። ምን ይዘን እንምጣ?

አስታማሚዋ፦
እግዜር ይማርልህ ወንድሜ። እኔም እናቴን በዚሁ በሽታ አስታምሜያለሁ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ አለው። ልጁን በደም ካንሰር ያጣ አባት በልጁ ስም ያቋቋመው ድርጅት ነው። አልጋው ስለሚሞላ ሳትነሱ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። እኛ ቀድመን ሳንደውል መጥተን አራት ቀን ጠብቀናል። ሆስፒታል ስትደርሱም ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ) አናግር። ሰው የማያውቀው በር እሱ ነው።

ነርስ ነኝ፦
እኔ የማየውን ልንገርህ። ሰው ከሩቅ መጥቶ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ያወጣል። ሪፈሩ አለ፤ የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤቱ የለም። እሱ ከሌለ ጨረር አይጀመርም፣ እንደገና ደሴ ይላካል። ስለዚህ የናሙናውን ውጤት፣ አልትራሳውንዱን፣ የደምና የኩላሊት ምርመራውን ሁሉ ዋናውን ያዝ። ኮፒም አድርግ። ሕክምናው ሲጀመር በአብዛኛው ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ነው፤ አምስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ከዚያ በላይ ደግሞ ተራ መጠበቁ አለ። የደም ማነስ ካላት ደም ሊያስፈልጋት ስለሚችል፣ ደም የሚሰጥ ጤነኛ ሰው ካለ አብሯችሁ ይምጣ። አንዳንዴ መልስ አጥሮን ብንቆጣ ይቅር በሉን፤ ወረፋው እኛንም ያደክመናል።

የመድን ባለሙያ፦
መድኑ የሚሠራው የሪፈር ሰንሰለቱ ካልተዘለለ ነው። ከጤና ጣቢያ የተነሳው ወረቀት እስከ ደሴ፣ ከደሴ እስከ ጥቁር አንበሳ መያያዝ አለበት። የመድን ደብተሩ ዘንድሮ መታደሱን አሁኑኑ ተመልከት። ያልታደሰ ደብተር ይዞ መምጣት ማለት ከኪስ መክፈል ነው። መድኃኒት ውጭ ከገዛህ ደረሰኙን አትጣል።

የአዲስ አበባ ልጅ፦
በር ላይ «ወረፋ አስይዝላችኋለሁ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ አንድ ብር እንዳትሰጡት! አጎቴ ሁለት ሺህ ብር ተበልቷል። ሌላው፣ ጨረር ጅማና ሐረርም ስለተጀመረ ተራው ከረዘመ ሐኪሙን ጠይቁት። ለናንተ ሩቅ ነው፣ ግን መጠየቅ አይጎዳም።

አስታማሚዋ፦
አንድ የረሳሁት ነገር። ሕመሙ ሌሊት ካላስተኛት ዝም አትበሉ። የሚጠጣ ሞርፊን የሚባል ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ አለ፣ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። እናቴ «ሱስ ይሆንብኛል» ብላ ሁለት ሳምንት ተሰቃየች። ከወሰደች በኋላ ግን ቡና አፈላች።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ደብተሩን አሁን አየሁት፤ የዘንድሮው መዋጮ አልተከፈለም። ነገ ጠዋት ቀበሌ እሄዳለሁ፣ ከዚያ ለፓቶሎጂው ደሴ እወርዳለሁ። እናቴ ስለ ቡናው ስነግራት ሳቀች።

ነርስ ነኝ፦
ስትሳፈሩ ጻፍልን።