አሳዎቼ ያለ ምልክት እያለቁ ነው፣ ሽሪምፑና ኮራሉ ግን ደህና ናቸው (ድሬዳዋ)

የከዚራ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ናችሁ። ድሬ ከዚራ ነኝ። ቤት ውስጥ 200 ሊትር የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ፣ ከዓመት በላይ ያለ ችግር ቆይቷል። በቅርቡ ከጅቡቲ የመጣ ታንግ የሚባል አንድ አሳ ገባበት። እሱ ከገባ በኋላ አሳዎቼ መሞት ጀመሩ። መጀመሪያ ራሱ አዲሱ መብላት አቆመ፣ ፓምፑ ውሃ የሚገፋበት ቦታ ሄዶ ፊቱን አዙሮ ይቆምና ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ በማግስቱ ሞቶ አገኘሁት። ከዛ ክሮሚስ የሚባሉት አሳዎቼ ተራ በተራ አለቁ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንዱ ክላውን አሳ። ቁስል የላቸውም፣ ነጭ ነጠብጣብም አላየሁም።

ከአሳ ቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያ 0፣ ናይትራይት 0፣ ጨው (በጥግግት መለኪያ) 1.025፣ ሙቀት 29 ዲግሪ። ሽሪምፑ ይበላል፣ ቀንድ አውጣዎቹ ይዞራሉ፣ ኮራሉ ተከፍቷል። የቀሩኝ አንድ ክላውንና አንድ ጎቢ የሚባል አሳ ናቸው፣ እነሱ እንዲተርፉልኝ በጣም እፈልጋለሁ። ውሃውን በብዛት ልቀይር? መድኃኒት ልጨምርበት?

ሳቢያን

አቦ አይዞሽ። እኔ ሙቀቱን ነው የምጠረጥረው። ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፣ የጨው ውሃ ደግሞ ከመጀመሪያውም ያነሰ ነው የሚይዘው። በዚህ ወቅት ድሬ ላይ ማታ መብራት ቢጠፋና ፓምፑ ቢቆም አሳ በሰዓታት ውስጥ ሊታፈን ይችላል። መብራት ጠፍቶ ነበር? በባትሪ የሚሰራ ኤር ፓምፕ አለሽ? ቬንትሌተር ውሃው ላይ ካዞርሽ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ግን ውሃው ቶሎ ስለሚተን የጎደለውን ጨው በሌለው ውሃ ሙይው። የቧንቧችንን ውሃ ደግሞ አትጠቀሚ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚቀረውን ነጭ ነገር ታውቂዋለሽ።

የከዚራ ልጅ

አመሰግናለሁ። መብራት አልጠፋም፣ ኤር ፓምፑም ሌሊቱን ሙሉ ይሰራል። የምጠቀመው የተጣራ ውሃ ነው።

ጋሽ ኮራል

ልጄ፣ ነገሩን ራስሽ ጽፈሽዋል። አሳ እየሞተ ሽሪምፑና ኮራሉ ደህና ከሆኑ ውሃውን አትጠርጥሪ። መርዝ ወይም የኦክስጅን እጥረት ቢሆን ሽሪምፑም ይጎዳ ነበር። አሳን ብቻ መርጦ በቀናት ውስጥ የሚጨርስ፣ አዲስ አሳ ተከትሎ የሚመጣ፣ ፓምፑ ፊት የሚያስቆም፣ ይህ ቬልቬት የሚባለው ጥገኛ ነው ብዬ አስባለሁ። መጀመሪያ የሚይዘው ስንጥባቸውን፣ የሚተነፍሱበትን ነው። ለዛ ነው ሰውነታቸው ላይ ምንም ሳይታይ የሚሞቱት። ኢክ የሚባለው ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣ ሌላ ጥገኛ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይዘገያል።

ማታ ክፍሉን አጨልሚና በስልክሽ መብራት ክላውኑን ከጎን እይው። ቆዳው ላይ ወርቃማ አቧራ የመሰለ ነገር ካየሽ አለቀ፣ እሱ ነው። ካላየሽም ግን አትጠብቂ። ማይክሮስኮፕ ያለው ሰው ካወቅሽ ዛሬ ከሞተው አሳ ስንጥብ ትንሽ ቆርጦ ቢያይልሽ እርግጡ ይታወቃል።

አሁን ሁለቱን አሳ አውጪ። ዛሬውኑ። ዋናው ታንክ ውስጥ ምንም መድኃኒት አትጨምሪ። ቬልቬትን የሚገድለው መዳብ ሽሪምፑንም፣ ቀንድ አውጣውንም፣ ኮራሉንም ይገድላል፣ ድንጋዩና አሸዋውም ይመጥጡታል። ውሃ መቀየርም አይፈታውም። ጥገኛው ከአሳው ላይ ወድቆ ታች ይቀመጥና እየተከፋፈለ ከአንዱ እስከ 256 ይወጣል፣ እነሱ ደግሞ እየዋኙ አሳ ይፈልጋሉ።

ሸንኮር

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። አሳዎቹን አውጥተሽ የምታክሚበት ለይቶ ማቆያ ብዙ ወጪ የለውም። ትልቅ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም በርሜል፣ ሳሙና ነክቶት የማያውቅ። አዲስ የጨው ውሃ በጥብጪ፣ ከታንኩ አትቅጂ። ኤር ፓምፕና ስፖንጅ ፊልተር፣ መደበቂያ እንዲሆናቸው ሁለት የውሃ ቱቦ ቁራጭ። አሸዋና ድንጋይ በፍጹም፣ መዳቡን ይመጥጡብሻል። እኛ ሐረር ማታ ስለሚቀዘቅዝ ማሞቂያ የግድ ነው፣ ድሬ ላይ ግን ብዙም አያስፈልግሽም። ከዋናው ታንክ ከ3 ሜትር በላይ አርቂው። ቬልቬት ኤር ፓምፑ በሚረጨው ጠብታ እንኳን ይተላለፋል። መረብ፣ ፎጣ፣ ባልዲ ሁሉም ለየብቻ።

ስፖንጁ ከአሁኑ ታንክ ቢመጣ መዳብ ስለሚገባበት ችግር የለውም። አሞኒያን የሚያጠፋ ባክቴሪያ የያዘ ስፖንጅ ከሌለሽ አሞኒያ በየቀኑ ለኪ። ብዙ ሰው ለይቶ ማቆያ ውስጥ አሳ የሚሞትበት በበሽታው ሳይሆን በአሞኒያ ነው።

ብሩክ

አንዳንዶች ለቬልቬት ክሎሮኪን ይጠቀማሉ ሲባል ሰምቻለሁ። የወባ ኪኒን እዚህ ፋርማሲ ይገኛል አይደል? ፈጭታ ብትጨምረውስ?

ጋሽ ኮራል

ክሎሮኪን ቬልቬት ላይ ይሰራል፣ ግን ንጹሁ ዱቄት ነው። ኪኒኑ ማጣበቂያና ሌላ ነገር አለበት፣ መጠኑንም በትክክል አታውቂውም። ደግሞ ለወባ በሽተኛ የሚያስፈልግ መድኃኒት ነው፣ ለአሳ ብለን አንሻማ።

ፋርማሲ የሚገኘው የሚረዳሽ ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ነው፣ የ3%ቱ። በሌላ ባልዲ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሊትር የጨው ውሃ 2.5 ሚሊ ሊትር ጨምሪ፣ ኤር ፓምፕ አስገቢበት፣ አሳውን 30 ደቂቃ አቆይው። አጠገቡ ሁኚ፣ ከተገለበጠ ወዲያው አውጪው። ከዛ ቀጥታ ወደ ለይቶ ማቆያው። ይህ ሸክሙን ያቀልለታል እንጂ ብቻውን አያድነውም።

ማዳኑ ያለው መዳቡ ላይ ነው። ኮፐር ፓወር የሚባለውን የመዳብ መድኃኒት አይነት ካገኘሽ በሊትር ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ግራም፣ ለ30 ቀን ሳይወርድ። የመዳብ መለኪያ ከሌለሽ አትጀምሪ። ከዚያ ካነሰ ጥገኛው ይተርፋል፣ ከበዛ አሳው ይሞታል። ውሃ ስትቀይሪ አዲሱ ውሃ ላይ ያንኑ መጠን ጨምሪ። አሞኒያ የሚያጠፉ ፈሳሾችን ደግሞ ከመዳብ ጋር አታደባልቂ።

የከዚራ ልጅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። በስልክ መብራት አየሁት፣ ክላውኑ ጀርባ ላይ ልክ እንዳሉኝ ወርቃማ ነገር አለ። ፔሮክሳይዱን አድርጌላቸዋለሁ፣ ሁለቱም ሳፋ ውስጥ ናቸው፣ ጎቢው ትንሽ በላ። መዳቡና መለኪያው ከአዲስ አበባ በነገው አውቶቡስ ይመጣልኛል። ዋናውን ታንክ ምን ላድርገው? ድንጋዩን አውጥቼ ላጥበው?

ጋሽ ኮራል

አትንኪው። አሳ ከሌለ ጥገኛው የሚኖርበት ያጣል። ለቬልቬት 6 ሳምንት ባዶ ይቆያል፣ ግን ኢክም አብሮ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል እኔ 76 ቀን ጠብቂ እላለሁ። አንድ አሳ እንኳን ከቀረ ቆጠራው ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ ድንጋዩ ስር ተደብቆ የቀረ እንዳለ ዛሬ ማታ አንድ ጊዜ ፈትሺ።

የከዚራ ልጅ

ሽሪምፑንስ ምን ላብላው?

ሸንኮር

እንደ ድሮው፣ ግን በጣም ትንሽ። አሳ ስለሌለ የተረፈው ታች ይበሰብሳል። ፓምፑንና መብራቱን በተለመደው ሰዓት አሰሪው፣ ኮራሉ ይፈልገዋል። መዳብ የነካ እጅሽንም ሳትታጠቢ እዛ ታንክ ውስጥ አታስገቢ።