የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ዘ ኪዩር ሌላ አልበም ያውጣ ወይስ እዚህ ላይ ይብቃው?

ዝናብ ወዳድ፦

ሰላም ቤተሰብ። ይቺን ነገር ለብቻዬ ሳብሰለስላት ከረምኩ። ዛሬ ላውጣትና ተከራከሩኝ። የባንዱ ዘፋኝና መሪ ሮበርት ስሚዝ «ሶንግስ ኦፍ ኤ ሎስት ወርልድ» የተባለው አልበማቸው በወጣ ሰሞን ሌላ አልበም ሊያልቅ ምንም እንዳልቀረው፣ ከሱም ሌላ ሦስተኛ እንዳለ ተናግሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ጆሯችንን አቁመን ተቀምጠናል። እኔ ግን ባይወጣ ይሻላል ባይ ነኝ።

ስለጠላኋቸው አይደለም። ስለምወዳቸው ነው። ከዚያ በፊት ከነበረው አልበማቸው ከ«4:13 ድሪም» በኋላ 16 ዓመት ጠበቅን፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ያ አልበም መጣ፣ 8 ዘፈን ብቻ፣ አንድም ትርፍ የለውም። መዝጊያውን «ኤንድሶንግ»ን ታውቁታላችሁ። ከ10 ደቂቃ በላይ ነው። ድራሙ እየደለቀ ጊታሩ እያለቀሰ ከግማሽ በላይ ይሄዳል፣ ስሚዝ ገና አፉን አልከፈተም። ሲከፍት ደግሞ የሚያወራው ስላለፈው ዕድሜው ነው። ሲያልቅ ቤቱ ጭር ይላል። እኔ እስከ ዛሬ ከዚያ ዘፈን ቀጥሎ ሌላ ዘፈን ከፍቼ አላውቅም። እንዲህ ያለ መዝጊያ ስንት ባንድ ያገኛል? ከዚህ በኋላ የሚመጣው ምንም ቢያምር ያንን በር መልሶ መክፈት ነው።

ለንደን ደቡብ፦

ኧረ በናትህ! ሰውየውን በቁሙ ልትቀብረው ነው እንዴ? አልበሙ በወጣ ዕለት ማታ እዚህ ለንደን ትሮክሲ የሚባለው አዳራሽ ተጫውተዋል። ትኬት አልደረሰኝም፣ ግን በዩቲዩብ በቀጥታ ስለተላለፈ ሶፋዬ ላይ ሆኜ እስከ መጨረሻው አየሁት። 31 ዘፈን! ለ3 ሰዓት ያህል! ያኔ 65 ዓመቱ ነበር። አዲሱን አልበም ሙሉውን ተጫወቱ፣ ከዚያ ወደ ድሮው ተመለሱ። እና ድምፁ ዓይኔን ጨፍኜ ብሰማው የ1989ኙ ነው የምለው ድምፅ ነው። ይሄ ሰው ዝም ይበል የምትለው በምን ሒሳብ ነው? ዘፋኝ ድምፁ ሲከዳው ያቆማል። ድምፁ ያልከዳውን ሰው አድናቂው ለምን ይክዳዋል?

የቤዝ ልጅ፦

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በ2000 «ብለድፍላወርስ» የተባለው አልበማቸው ሲወጣም የመጨረሻው ነው ተብሎ ነበር። ራሱ ስሚዝ ነው ያለው። ያኔ ቃሉን ጠብቆ ቢያቆም ኖሮ ዛሬ ዝናብ ወዳድ ቤቱ ጭር የሚልበት «ኤንድሶንግ» የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። የዛሬው መዝጊያ የተገኘው የድሮው መዝጊያ ስለተከፈተ ነው። በቃ ይሄው ነው።

ዝናብ ወዳድ፦

የቤዝ ልጅ፣ ራስህ አመጣኸውና ልጠይቅህ። ከ«ብለድፍላወርስ» በኋላ በ2004 እና በ2008 የወጡትን ሁለቱን አልበሞች ለመጨረሻ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር የሰማሃቸው መቼ ነው? እውነቱን ንገረኝ። እኔ አላስታውስም። እነዚያ ሁለቱ እኮ ናቸው ለዓመታት ባንዱ አለቀለት ያስባሉት። በ2024 ያ ሁሉ ሰው የተደነቀው፣ እንግሊዝ ውስጥ ከ1992ቱ «ዊሽ» ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንደኛ የወጡት፣ ሰው ከነሱ ምንም መጠበቅ ካቆመ በኋላ ስለሆነ ነው። አሁን ደግሞ የሚቀጥለው ሌላ «4:13 ድሪም» ቢሆንስ? የምፈራው እሱን ነው።

ድምፅ ቀራጭ፦

ስቱዲዮ ውስጥ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ ነገሩን በሌላ በኩል ልየው። «4:13 ድሪም» ለምን እንደዚያ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሲጀመር ድርብ አልበም ነበር። 33 ዘፈን ነበር የተቀረጸው። የወጣው 13 ነው፣ ጨለም ጨለም ያሉት ዘፈኖች ወደ ኋላ ቀሩ። በ2014 እነዚያ የቀሩት «4:14 ስክሪም» ተብለው ይወጣሉ ተባለ። የታሉ? እስከ ዛሬ የሉም። ስለዚህ «አልቋል ማለት ይቻላል» ሲል ስሰማ እኔ ልቤን አልሰጥም። ቃል የዕምነት ዕዳ ነው ይባላል፣ ስሚዝ ግን በአልበም ጉዳይ ዕዳው ብዙ ነው። ይሄንን የምለው እንደ አክባሪው ነው። ቀረጻ ላይ «ሊያልቅ ነው» የሚባል ነገር የለም። ወይ አልቋል ወይ አላለቀም። ድምፁ ገና ነው፣ ግጥሙ ገና ነው፣ ሚክሱ ገና ነው፣ ከዚያ ሰውየው ማታ ብቻውን ቁጭ ብሎ ይሰማውና ሁሉንም ይጥለዋል።

ደግሞ የ2024ቱ አልበም እንዴት እንደተሠራ እንይ። ቀረጻው የተጀመረው በ2019 ዌልስ ውስጥ ነው። ከዚያ በ2022 ኦክቶበር ሪጋ ላይ ጉዞውን ሲጀምሩ «አሎን»ን የመክፈቻ ዘፈን አድርገው ተጫወቱት። በዚያ ጉዞ ከ8ቱ ዘፈን 5ቱን ሰው ፊት እየተጫወቱ ፈተኗቸው። አልበሙ የወጣው ከዚያ 2 ዓመት ቆይቶ ነው። «አሎን» ላይ ድምፁ ከመግባቱ በፊት ከ3 ደቂቃ በላይ ሙዚቃ ብቻ ነው። በዛሬ ጊዜ ለማንም አሳታሚ ይሄንን ይዘህ ብትሄድ ቁረጠው ነው የሚልህ። እሱ አልቆረጠውም፣ ምክንያቱም በየከተማው ሰው ጸጥ ብሎ ሲጠብቅ በዓይኑ አይቷል። እኔ ሌላ አልበም ይውጣ ከሚሉት ወገን ነኝ፣ ግን እንደዚህ ከሆነ ብቻ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሲልቨር ስፕሪንግ 89፦

ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ እንደናንተ የአልበም ቁጥር አልይዝም። ግን ይህን ባንድ የሰማሁበትን ላውጋችሁ። በ1989 ዋሽንግተን ዲሲ ፓርኪንግ ውስጥ ነበር የምሠራው። ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። የምድር ቤት ፓርኪንግ ነው፣ ሰው መኪናውን ከነቁልፉ ትቶልን ይሄዳል፣ እኛ ወስደን እናቆማለን። ወጣቶቹ ሬዲዮናቸውን ሳያጠፉ ነው የሚወርዱት። ያን ጊዜ ደብሊው ኤች ኤፍ ኤስ የሚባል ጣቢያ ነበር፣ የተማሪ መኪና ሁሉ እሱ ላይ ነው። ከመግቢያው እስከ ማቆሚያው ድረስ 1 ደቂቃ አይሞላም። ስለዚህ ዘፈናቸውን «ላቭሶንግ»ን በቁራጭ በቁራጭ ነው የሰማሁት። ከአንዱ መኪና መግቢያውን፣ ከሌላው መኪና መሐሉን። ቀን ላይ ደጋግመው ያጫውቱት ነበር፣ አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ የደረሰው በዚያው ዓመት ኦክቶበር ነው። ቃሉን በደንብ አልሰማውም፣ እንግሊዝኛዬም ያን ያህል አልነበረም። ግን የናፈቀ ሰው እንደሆነ ገባኝ። ሙሉውን ለመስማት ስል ካሴቱን ከደመወዜ ገዛሁ።

በኋላ ሳነብ ስሚዝ ለሚስቱ ለሠርጋቸው ስጦታ የጻፈው መሆኑን አወቅሁ። ዛሬም አብረው ናቸው። አሁን ወደ ክርክራችሁ ልምጣ። ዝናብ ወዳድ፣ ልጄ፣ አንተ መዝጊያ መዝጊያ ትላለህ። ሰው ዕድሜው ሲገፋ የሚዘጋውን ራሱ ያውቃል። ስሚዝ በ2029 70 ዓመት ይሞላዋል፣ የመጀመሪያው አልበማቸውም 50 ዓመት ይሆነዋል፣ እዚያ ከደረስኩ ያኔ ይበቃኛል ብሏል። ቀኑን ቆርጧል። እስከዚያ ያለው የሱ ጊዜ ነው፣ የኛ አይደለም።

ዝናብ ወዳድ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የካሴቷን ነገር ሳነብ ሆዴ ባባ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እሱ ራሱ ቀን ቆርጦ የለ? እና ያ ቀን እየቀረበ ሲመጣ ነገሩ ጥድፊያ አይሆንም ወይ? ድምፅ ቀራጭ ያለውም እኮ እሱን ነው። ያ አልበም ጥሩ የሆነው ቀን ስላልነበረው ነው።

ለንደን ደቡብ፦

ጥድፊያ ያልከው ገንዘብን አስበህ ከሆነ በዚህ ሰው አይሠራም። በ2023 የአሜሪካ ጉዞ የትኬት ዋጋ እንደ ፈላጊው ብዛት እየጨመረ እንዲሄድ አልፈቀደም። በ20 ዶላር የሚገባበት ቦታ ነበር። ከዚያ ትኬት ሻጩ ድርጅት የአገልግሎት ክፍያ ሲደራርብበት፣ ለአንዳንዱ ሰው ክፍያው ከትኬቱ ሲበልጥበት፣ ስሚዝ በትልልቅ ፊደል እየጻፈ በአደባባይ ሞገታቸው። ድርጅቱም ለአንዳንዱ 10፣ ለአንዳንዱ 5 ዶላር መለሰ። ትንሽ ብር ናት፣ አውቃለሁ። ግን ማን ሌላ ያስመለሰ አለ? እንዲህ ያለ ሰው ለሽያጭ ብሎ ያላለቀ ነገር አያወጣም።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። የባንዱ ጊታርና ኪቦርድ ተጫዋች ፔሪ ባሞንቴ ባለፈው የፈረንጅ ገና ሰሞን፣ በ2025 መጨረሻ፣ አረፈ። ባንዱ ውስጥ በ1990 ገብቶ እስከ 2005 ቆይቶ፣ በ2022 ተመልሶ ነበር። ትሮክሲም መድረክ ላይ አይቼዋለሁ፣ ዳር ላይ ቆሞ በጸጥታ የሚጫወተው እሱ ነው። ጊዜ አለ ብለን ስንከራከር ሰዎቹ አንድ በአንድ እያለቁብን ነው። ስለዚህ የተቀረጸ ካለ ይውጣ። መሳቢያ ውስጥ አይቅር።

የቤዝ ልጅ፦

ነፍሱን ይማር። በ«ዊሽ» ላይ ያለውን የሱን ሥራ ሳልሰማ ሳምንት አያልፍም።

ዝናብ ወዳድ፦

ነፍስ ይማር። ለዚህም ነው እኮ ይረፉ የምለው። ጓደኛ ቀብረው ገና ዓመት ሳይሞላ አልበም የት ደረሰ ብሎ መጨቅጨቅ ነውር ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ 89፦

መጨቅጨቁ ነውር ነው፣ እዚህ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ። ግን ሙዚቀኛ ሐዘኑን የሚወጣው በመጫወት ነው። ከልክለኸው አታሳርፈውም።

ሐይቅ ዳር፦

ሁላችሁንም ሳነብ ቆየሁ። እኔ 22 ዓመቴ ነው፣ ሐዋሳ ነው ያለሁት። እናንተ ስለ 1989 እና ስለ 2000 ስታወሩ የኔ ነገር የለበትም። ይሄንን ባንድ ያወቅኩት በዚህ በመጨረሻው አልበም ነው። የምናገረው ትንሽ ይከብደኛል ግን ልናገር። ታላቅ ወንድሜ ባረፈ 40ው አልፎ ዘመዱ ሁሉ ሄዶ ቤቱ ባዶ የሆነ ጊዜ ነበር። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ስልኬ ላይ ስነካካ «አይ ካን ኔቨር ሴይ ጉድባይ» መጣ። ፒያኖው እንደ ዝናብ ጠብታ ነው፣ አንድ አንድ እያለ ይወርዳል። ስለምን እንደሆነ ሳላውቅ ማልቀስ ጀመርኩ። ቀጥዬ ሳነብ ስሚዝ ለሞተው ወንድሙ ለሪቻርድ የጻፈው ነው። እናቴ ለወንድሜ ሙሾ ስታወጣ የነበረው ነገር ነው እኮ፣ እሷም ስሙን ጠርታ መሰናበት ነው ያቃታት።

እና ዝናብ ወዳድ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ አንተ ይብቃ የምትለው አንተ ስለጠገብክ ነው። አንተ 16 ዓመት ጠብቀህ አልበም ሲወጣ አይተሃል። እኔ አንድም ቀን ጠብቄ አላውቅም። ሁሉም ነገር ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው የደረስኩት። አንድ አልበም፣ አንድ ብቻ፣ ከመውጣቱ በፊት ልጠብቀው፣ በወጣበት ሌሊት ልስማው። መጥፎ ቢሆንም ይሁን። የኔ ይሆናል።

ድምፅ ቀራጭ፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ለሌሎቻችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ስሚዝ ያ ሦስተኛው አልበም እንደሌሎቹ ሐዘን እንዳልሆነ፣ መንፈሱ የተለየ እንደሆነ ተናግሯል። ይሄ ሰው እኮ የደስታ ዘፈንም ጸሐፊ ነው። ሁለቱንም በአንድ አፍ ሲዘፍን ነው የኖረው። ከሞት አልበም በኋላ አንድ ቀለል ያለ ነገር ቢያወጣ በሩን ከፈተው አልልም። መስኮት ከፈተ ነው የምለው።

የቤዝ ልጅ፦

የ2024ቱን አልበም ሁሉንም ዘፈን ስሚዝ ብቻውን ጽፎታል፣ ከ1985 ወዲህ እንደዚያ አድርጎ አያውቅም ነበር። በሚቀጥለው የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ሳይመን ጋለፕ ቤዙን ይዞ ቢጽፍበት ደስ ይለኛል። «ኤ ፍራጃይል ቲንግ» ላይ ያለውን ቤዝ ስሙት፣ ሌላው ሁሉ ቢጠፋ ዘፈኑ በሱ ብቻ ይቆማል። በ2021 ጋለፕ ወጣሁ ብሎ ጽፎ ሁላችንም ደርቀን ቀርተን ነበር፣ ደግነቱ ቀረ። ባንዱ ያለ እሱ የለም።

ዝናብ ወዳድ፦

ሐይቅ ዳር፣ ለሌሎቹ ሁሉ መልስ አለኝ፣ ላንቺ ግን የለኝም። በ2008 «4:13 ድሪም» ሲወጣ እኔ ልክ በአንቺ ዕድሜ ነበርኩ። በየወሩ በ13ኛው ቀን አንድ ነጠላ ዜማ ይለቁ ነበር፣ ከሜይ እስከ ኦገስት። ኢንተርኔት ካፌ ገብቼ ተሰልፌ ነበር የምሰማው፣ በኪራይ ማዳመጫ፣ ግማሹ ሳይጫን ሰዓቴ እያለቀ። ዛሬ ደካማ ነው የምለው አልበም ነው ያ። ግን እነዚያን 13ኛ ቀኖች አልረሳቸውም።

አሁንም «ኤንድሶንግ» ይዝጋው ባይ ነኝ። አልቀየርኩም። ከወጣ ግን ቀኑን እኔ ነኝ የምነግርሽ።

ሐይቅ ዳር፦

እሺ ወንድሜ። እኩለ ሌሊት ላይ ከሆነ ስልኬን ቀን ሞልቼ እጠብቃለሁ፣ እኛ ሰፈር ማታ ማታ መብራት ይጠፋል። ጋሼ፣ እርስዎም ይግቡ፣ እዚያ ገና ማምሻ ይሆናል።

ሲልቨር ስፕሪንግ 89፦

እገባለሁ ልጄ። በዚህኛው ከመግቢያው ጀምሮ ነው የምሰማው።