«ያልደረሰበት ግልግል ያውቃል» ስድብ ነው ወይስ ሙገሳ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰዎች ስለ አካል ጉዳተኞች ፖሊሲ ሲከራከሩ እየሰማሁ ነበር። አንዱ በመሃል «ያልደረሰበት ግልግል ያውቃል» ብሎ ቁጭ! ሁሉም ሳቁ። ለእኔ ግን «ያውቃል» መባሉ ሙገሳ መሰለኝ። ምን ማለቱ ነው?

መልስ፦
ስድብ ነው እህቴ፣ ለስለስ ያለ ስድብ። ዱላው ያላረፈበት ሰው «በቃ ተዉት፣ ታረቁ» ማለት አይከብደውም። ፖሊሲ ላይም ያው ነው። ችግሩን ያልቀመሰ ሰው መፍትሔ አያጥረውም።

ለምሳሌ የዊልቸር መወጣጫን እንውሰድ። በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ 1 ለ 12 ነው። ግማሽ ሜትር ከፍታ ለመውጣት 6 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል ማለት ነው። ቦታ ጠበበ ተብሎ በ2 ሜትር ከተቋጨ መወጣጫ ሳይሆን ገደል ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ግን «መወጣጫ፦ አለ» ተብሎ ይሞላል። ጫፉ ላይ ደልዳላ ቦታ ከሌለና በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ጉድ ነው። ሰውዬው በአንድ እጁ በሩን ሲስብ በሌላው ጎማውን ይይዛል፣ ወንበሩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ይህን በዊልቸር የሚሄድ ሰው ንድፉን አይቶ ገና ሳይገነባ ይነግራችኋል።

ሌላ መልስ፦
ጋሼ ጥሩ አድርገው አስቀምጠውታል። እኔ ግን ለፖሊሲ ስብሰባ «ለቀባሪው አረዱት» ይሻላል ባይ ነኝ። ቀባሪው አፈር አልብሶ ተመልሷል፣ እነሱ መርዶ ይነግሩታል። ረቂቁ ካለቀ በኋላ ባለጉዳዩ ይጠራና ስለ ገዛ ችግሩ ስላይድ ሲታይለት ይውላል። መጨረሻ ላይ «አስተያየት ካለ፣ በአጭሩ» ይባላል። ከዚያ የቡድን ፎቶ። ጠሪዎቹ ደመወዛቸው እየታሰበ ነው የሚቀመጡት፤ ባለጉዳዩ ግን የቀን ገቢውን ትቶ ነው የመጣው።

ለዚህ ደግሞ «ለይስሙላ» የሚል ግሩም ቃል አለን። አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስቲን እ.ኤ.አ. በ1969 የሕዝብ ተሳትፎን በ8 እርከን መሰላል አስቀምጣው ነበር። ማሳወቅ፣ ማማከርና ማባበል ከ3ኛ እስከ 5ኛ ያሉት እርከኖች ናቸው። ሦስቱንም የይስሙላ ብላ ነው የመደበቻቸው። ማማከርም ጭምር!

ሌላ መልስ፦
በዚህ አጋጣሚ «ሰለባ» የሚለውንም ቃል ብናነሳው። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ላይ ኤድስ ያለባቸው ሰዎች ተሰብስበው «ሰለባ አትበሉን» አሉ። በዚያው መግለጫ በየደረጃው ውሳኔ ውስጥ እንዲገቡ፣ በአገልግሎት ሰጪ ድርጅቶች ቦርድ ላይም እንዲቀመጡ ጠየቁ። ስሙና ወንበሩ አብረው ነው የተጠየቁት። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 4 አገሮች ሕግና ፖሊሲ ሲያወጡ እነሱን በቅርበት እንዲያማክሩና እንዲያሳትፉ ያስገድዳል።

ሌላ መልስ፦
እስቲ እኔ ደግሞ ትንሽ ልቃወም። የደረሰበት ሁሉ የሁሉን ያውቃል ማለት አይደለም። የእግረኛ መንገድ ጠርዝን ተመልከቱ። በዊልቸር የሚሄደው ከአስፋልቱ ጋር እኩል እንዲሆን ይፈልጋል። በበትር የሚሄደው ዓይነ ስውር ደግሞ ጠርዙን ካጣ አስፋልት ውስጥ መግባቱን አያውቅም። አንዱን ብቻ ጠርተህ «ባለጉዳዩን ጠይቄያለሁ» ብትል ሌላውን ለመኪና ዳረግኸው። እግር የሚለየው ጎርበጥባጣ ንጣፍ ጠርዙ ላይ የሚደረገው ለዚህ ነው።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ፣ በተለይ ጋሼን። አሁን «ባለድርሻ አካላት» የሚለው ነው የከበደኝ። በዊልቸር የሚሄደውም፣ መወጣጫውን የሚገነባው ተቋራጭም እኩል «ባለድርሻ» ናቸው?

መልስ፦
በስብሰባ ጥሪ ላይ አዎ። እኔ ግን ለመጀመሪያው «ባለጉዳይ» እላለሁ። ተቋራጩ ሥራውን አስረክቦ ይሄዳል፣ እሱ ነገም በዚያው መወጣጫ ይመጣል።