የላይኛው ግጦሽ ቃጠሎ፦ የጅማ ቡና አምራች ማህበር ረቂቅ ዕቅድና አባላት በተለያየ ቀን የሰጡት አስተያየት

ሰብሳቢ፦ አምና የላይኛው ግጦሽ እሳት አምልጦ ቡና እንደበላ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዘንድሮ ያረጀውን ሣር ሌላ ሰው ሳይለኩሰው እኛው በቁጥጥር እናቃጥለው። ጊዜው ጥር መጨረሻ፣ ቡናው ሳያብብ። ዙሪያውን 5 ሜትር ስፋት አፈሩ እስኪታይ ይጠረጋል። የሚለኮሰው ከላይኛው ጫፍ ነው፤ እሳት ሽቅብ ይሮጣል፣ ቁልቁል ግን ይዘገያል። ነፋሱ ቁልቁል ከነፈሰ ያን ቀን ክብሪት አይጫርም። ጤዛው ሲረግፍ 3 ሰዓት ጀምረን የከሰዓቱ ነፋስ ሳይነሳ እንጨርሳለን። ወጪ፦ 2 በጀርባ የሚታዘል የውሃ መርጫ፣ 10 ጀሪካን፣ ቁርስ፣ 3 ኪሎ ቡና።

ገንዘብ ያዥ፦ 3 ኪሎ ቡና ግዢ? የጅማ ቡና አምራች ማህበር ቡና ይገዛል? እኔ አልፈርምም።

የሰቃው (ጅማ አጠገብ ካለችው ሰቃ የመጣው አባል)፦ ከየቤታችን አንድ አንድ ጣሳ እናምጣ።

ገንዘብ ያዥ፦ ያመጣውም ያላመጣውም እኩል ሊጠጣ? ያለፈው ደቦ ላይ አይተነዋል።

የሰቃው፦ እኔን ከሆነ በስሜ ጥራኝ!

ንብ አርቢው፦ እዛ ጥግ 7 ቀፎ አለኝ። ሁለት ቀን ቀድማችሁ ንገሩኝ፤ ንቡ ማታ ሲገባ አንስቼ አወጣለሁ።

የሴቶች ተወካይ፦ ቡናውን የሚያፈላው ማነው? ረቂቁ ላይ እኛ ያለነው ቁርስ ላይ ብቻ ነው። አምና ከወንዝ ውሃ ተሸክመን ያጠፋነው እኛ ነን። ከመርጫዎቹ አንዱ ለሴቶች ይሰጥ።

ገንዘብ ያዥ፦ መርጫው ይሰጥ። ቡናው ግን ይሰረዝ።

የሰቃው፦ በ3 ኪሎ ቡና ሰው ታስቀይማለህ።

ቡናዬ የተቃጠለብኝ፦ አረ ተዉ በናታችሁ! አምና ጠፋ ብለን ገባን። በማግስቱ የተነሳው ደረቅ ኩበት ውስጥ ካደረ ፍም ነው። ላዩ አመድ ነበር፤ በእንጨት ስፈነክተው ውስጡ ቀይ። 40 እግር ቡና ሄደብኝ። ረቂቁ ላይ የአዳር ጥበቃ የሚል ቃል የለም። ማን ያድራል?

የሰቃው፦ እኔ አለሁ።

ወጣቱ፦ እኔም።

ሽማግሌው፦ ልጆቼ፣ በ1992 ባሌና ቦረና ደኑ ሲነድ ከደቡብ አፍሪካ ድረስ ባለሙያ መጥቷል። እሳት ካመለጠ አመለጠ ነው። ቀበሌውና የወረዳው ግብርና ሳያውቁ አንድም ሰው እንዳይለኩስ።

ሰብሳቢ፦ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ገንዘብ ያዥ፣ ይቅርታ ጠይቅና እንለፍ።

ገንዘብ ያዥ፦ ከፋኝ ካለ ይቅርታ። ቡናውን እኔ ከቤቴ አመጣለሁ፣ 3 ኪሎውንም። ከማህበሩ ካዝና ግን አይወጣም።

የሰቃው፦ እሺ፣ አልፏል። ለአዳሩ ግን አጋሮ ለቅሶ አለብኝ፣ አልመችም።

ሰብሳቢ፦ ወጣቱስ? ከትናንት ጀምሮ ስልኩ አይነሳም።

የሴቶች ተወካይ፦ አዳሪ ከሌለ ለምን እናቃጥላለን? ሣሩን አጭደን እንካፈለው። ቤት የሚከድንም፣ ጥጃ ያለውም አለ።

ሽማግሌው፦ ያረጀውን ሣር ከብት አይበላውም። ለክዳን ግን ይሆናል።

ሰብሳቢ፦ እንግዲያው ዘንድሮ የዙሪያውን መስመር እንጥረግ፣ ሣሩን እንጨድ። ቃጠሎው አዳሪ ሲገኝ ይታያል። መርጫ አንድ ይበቃል፤ በቀረው ማጭድና ዶማ እንግዛ።

ቡናዬ የተቃጠለብኝ፦ ጠረጋው በኔ ቡና በኩል ይጀመር። ቅዳሜ 1 ሰዓት ዶማዬን ይዤ እዛ ነኝ።

ንብ አርቢው፦ ቀፎዎቼ ይነሱ ወይስ ይቆዩ? የመለሰልኝ የለም።