የኪነ ጥበብ ማኅበር ለሰፈሩ ለውጥ እንዲያመጣ ከየት ይጀምር?

ጀማሪ_ማኅበር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሠዓሊዎች፣ ተዋንያንና የሙዚቃ መምህራን ያሉበት ትንሽ ማኅበር ነን። በሚቀጥለው ዓመት በምንሠራበት ሰፈር የሚቆይ ነገር ለመሥራት አስበናል፤ ሦስት ሐሳብም ቀርቧል፦ የግድግዳ ሥዕል፣ ነዋሪውን የሚያወያይ ቲያትር፣ ከትምህርት ሰዓት ውጪ የሚሰጥ የልጆች የሙዚቃ ትምህርት። ገንዘባችን ከአንዱ አያልፍም። የትኛው ነው በእርግጥ ለውጥ የሚያመጣው? ነዋሪው «የእኛ ነው» እንዲለው ምን እናድርግ? ለውጡ መምጣቱንስ በምን እናውቃለን? ኪነ ጥበብ ሰው እንደሚለውጥ እናምናለን፤ የቸገረን አሠራሩ ነው።

ልስንና_ቀለም፦
የጥበቡን ዓይነት ከመምረጣችሁ በፊት ሰፈሩን ምን እንደሚያስቸግረው ስሙ፤ ምርጫው ከዚያ በኋላ ይቀላችኋል። እኔ የማውቀው ግድግዳውን ስለሆነ እሱን ልጻፍ።

በዚህ ሥራ ብዙ ትምህርት የተገኘባት ከተማ ፊላደልፊያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1984 የከተማዋ አስተዳደር ግድግዳ ላይ የሚሞነጫጨረውን ጽሑፍ ለማስቆም አንድ መርሐ ግብር ሲከፍት ጄን ጎልደን የተባለች ሠዓሊ ተቀጠረች፤ እሷም ግድግዳ የሚሞነጫጭሩትን ወጣቶች ወደ ግድግዳ ሥዕል መለሰቻቸው። ለእናንተ የሚጠቅማችሁ ግን እዚያ የዳበረው ዘዴ ነው። ሥዕሉ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሳይሆን ፓራሹት ጨርቅ በሚሉት ስስ፣ ያልተሸመነ ጨርቅ ላይ ነው። ንድፉ በግምት 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር በሆኑ ቁራጮች ይከፋፈላል፤ መስመሩ ጨርቁ ላይ ይነደፋል፤ በእያንዳንዱ ክፍት ቦታ የቀለም ቁጥር ይጻፍና ያው ቁጥር የተለጠፈበት የቀለም ዕቃ አጠገቡ ይቀመጣል። ብሩሽ ይዞ የማያውቅ ሰው ቁጥሩን አይቶ ይቀባል። መወጣጫ ላይ መውጣት የማይችሉ አዛውንቶች፣ የትምህርት ቤት ልጆች፣ የታሰሩ ሰዎች፣ ሆስፒታል የተኙ ሕሙማን ሁሉ ባሉበት ሆነው የሥራው ተካፋይ ይሆናሉ። በኋላ ቁራጮቹ በአክሪሊክ ጄል ይለጠፋሉ፦ ጄሉ ግድግዳውም የጨርቁ ጀርባም ላይ ይቀባል፤ ጨርቁ ከመሀል ወደ ዳር በፕላስቲክ መፋቂያ እየተገፋ አየሩ ይወጣል። ውስጡ የቀረ አየር ያብጥና ቦታው ከጊዜ በኋላ ይቀደዳል።

ግድግዳ የሚያበላሸው ከሁሉ በላይ ውሃ ነው። 45 ሴንቲ ሜትር በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ በአራቱም ጎን በፕላስተር አጥብቃችሁ ለጥፉና ቢያንስ 16 ሰዓት አቆዩት። ስታነሱት ከጀርባው ጤዛ ካለ ወይም ግድግዳው ከጠቆረ የእርጥበቱ ምንጭ ሳይገኝ ቀለም አይነካውም። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከሆነ ቢያንስ 28 ቀን ይድረቅ፤ ሳይደርቅ ከተቀባ በውስጡ ያለው አልካሊ ቀለሙን ይበላዋል፣ ነጭ ዱቄትም ያወጣል። ሥዕል ብዙ ጊዜ መላጥ የሚጀምረው ከላይ ነው፤ የግድግዳው አናት ካልተከደነ ዝናቡ በዚያ ይገባል። ስለዚህ ከብሩሽ በፊት አናቱን የሚከድን ግንበኛ አምጡ። ቀለም ስትገዙ ደግሞ ፀሐይ የመቋቋም ደረጃውን ጠይቁ። አንዳንድ ደማቅ ቀይ፣ ሮዝና ቢጫ ቶሎ ይደበዝዛሉ፤ ከብረት ኦክሳይድ የሚሠሩት የአፈር ቀለሞች ግን ይከርማሉ።

ስብሰባው ከንድፉ ይቅደም። ያለቀ ሥዕል ይዞ ሄዶ «ወደዳችሁት?» ማለት ነዋሪውን ማማከር አይደለም። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ምንም ሥዕል አታሳዩ፤ በሁለተኛው ሁለት ሦስት አማራጭ አቅርቡ፤ በሦስተኛው ይጽደቅ። ከስብሰባው የቀረው ማን እንደሆነም መዝግቡ። ማታ የሚሠሩና ሕፃን የያዙ እናቶች ካልመጡ በሌላ ሰዓት ድገሙት። ከባለንብረቱ ጋር የሚደረገው ስምምነትም በጽሑፍ ይሁን፦ ሥዕሉ ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ሕንፃው ቢሸጥ ምን እንደሚሆን፣ የሚያድሰው ማን እንደሆነ።

አወያይዋ፦
ከላይ ስለ ስብሰባው የተጻፈውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። የሰፈሩ ችግር ሰው አፍ አውጥቶ የማይናገረው ዓይነት ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ የቤት ውስጥ ጥቃት ወይም የአገልግሎት በደል፣ ስብሰባ ላይ አይወጣም። ፎረም ቲያትር የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነው። ዘዴውን ያዳበረው ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከ8 እስከ 12 የሚሆኑ ነዋሪዎች ይሰበሰባሉ፤ ሙያዊ ተዋናይ መሆን የለባቸውም። በአራት ወይም በአምስት ተከታታይ ቀጠሮ በጨዋታና ሰውነታቸውን እንደ ሐውልት አቁመው በሚያሳዩት ምስል ተፍታተው የሚያስቸግራቸውን ነገር ያወጣሉ። ከዚያ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚሆን አጭር ድራማ ይዘጋጃል። ድራማው ክፉኛ ያልቃል፤ ተበዳዩ ይሸነፋል። አንዴ እስከ መጨረሻው ከታየ በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ አሁን ከተመልካቹ ማንም ሰው «ቁም!» ብሎ ወደ መድረኩ ይወጣና የተበዳዩን ቦታ ተክቶ ሌላ መንገድ ይሞክራል። ሌሎቹ ተዋንያን እንደ ባሕርያቸው ይመልሱለታል እንጂ አያመቻቹለትም። መሀል ላይ የሚቆመው አወያይ ጆከር ይባላል። ሥራው መፍረድ ሳይሆን «ይህ በእውነት ይሆናል ወይ? ምን ያስከፍላል?» እያለ ጥያቄውን ወደ ተመልካቹ መመለስ ነው።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። አንደኛው ተመልካቹ በዳዩን ተክቶ ደግ ሲያደርገው ነው። ችግሩ በአንድ ደቂቃ ተፈታ፣ ነገ ግን ቤቱ የሚጠብቀው ያው ሰው ነው፤ ጆከሩ እዚህ ላይ ማስቆም አለበት። ሁለተኛው ባለሥልጣን የፊት ወንበር ላይ ሲቀመጥ ነው፤ ሌላው ሰው ዝም ይላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዝግጅቶች ለነዋሪው ብቻ አድርጉ፣ ኃላፊዎቹን በሦስተኛው ጋብዙ። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው አንድን ሰው በጎረቤቶቹ ፊት የራሱን ታሪክ ማስተወን ነው። ታሪኩ ከሦስት አራት ሰው ተቀላቅሎ ይሠራ፣ ባለታሪኩም ሌላ ገጸ ባሕርይ ይጫወት። ጉዳዩ ከባድ ከሆነ የሥነ ልቦና ባለሙያ በቦታው ይኑር።

ብዙ ማኅበር የሚዘነጋው ከጭብጨባው በኋላ ያለውን ነው። መድረክ ላይ የተሞከረውን ሐሳብ ሁሉ የሚጽፍ አንድ ሰው መድቡ። ቦአል እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1996 የሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተማ ምክር ቤት አባል በነበረበት ጊዜ በየሰፈሩ የሚሠሩ ቡድኖች ያወጡትን ሐሳብ የሕግ ረቂቅ እያደረገ አቅርቦ ወደ 13 የሚሆኑ ሕጎች ጸድቀዋል፤ ከነዚህም የአረጋውያንን ሕክምና የሚመለከት ይገኝበታል። እናንተ የምክር ቤት ወንበር ባይኖራችሁም ጽሑፉን የሚቀበል፣ ቀን ቆርጦም የሚመልስ ቢሮ አስቀድማችሁ ያዙ።

የመዝገብ_ሰው፦
ስለ መለኪያው ልመልስ፤ በመንገድ የሙዚቃውንም እነካለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ3,000 በላይ ጥናቶችን ያካተተ ሪፖርት አውጥቶ ኪነ ጥበብ ለጤናና ለደኅንነት ያለውን ድርሻ አሳይቷል። ስለዚህ «ይሠራል ወይ?» የሚለው በጥቅሉ ተመልሷል። ለእናንተ የቀረው «ማን ጋ ደረሰ?» የሚለው ነው። በቬንዝዌላ ሆዜ አንቶኒዮ አብሬው እ.ኤ.አ. በ1975 የጀመሩት ኤል ሲስቴማ በዓለም የታወቀ የልጆች ኦርኬስትራ ፕሮግራም ነው። በ16 ማዕከላት፣ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 14 በሆነ 2,914 ልጆች ላይ፣ በዕጣ በተለየ አመዳደብ የተደረገ ጥናት ራስን በመግዛት በኩል መሻሻል አግኝቷል። ነገር ግን ከተመዘገቡት ልጆች ውስጥ ድሆቹ 16.7 በመቶ ሲሆኑ በየክልሎቹ የነበረው የድህነት መጠን 46.5 በመቶ ነበር። በሩ ክፍት ነበር፤ የገባው ግን ቀድሞ የሰማውና ጊዜ ያለው ቤተሰብ ነው። ይህን ቁጥር ቢሯችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

«ማንም መመዝገብ ይችላል» ማለት ስለማይበቃ ከመቀመጫው ግማሹን በትምህርት ቤቱና በሰፈሩ ማኅበራዊ ሠራተኞች ጥቆማ ሙሉ። መሣሪያ በውሰት ይሰጥ፤ ለተቆረጠ ክርና ለጥገናም በጀት ይያዝ፤ ክሩ የተበጠሰበት ልጅ ሁለት ሳምንት ከቀረ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ትምህርቱ የሚያበቃው ሳይጨልም ይሁን፤ ሲመሽ መጀመሪያ የሚቀሩት ሴቶች ልጆች ናቸው።

መለኪያው ደግሞ ጥቂት ይሁን። ስንት ሰው እንደተመለከተ መቁጠር ለሪፖርት ይጠቅም ይሆናል እንጂ ለውጥ አያሳይም። በሥራችሁ ሊለወጥ ይችላል የምትሉትን አንድ ወይም ሁለት ነገር ምረጡ፦ «በዚህ መንገድ ማታ ለመሄድ ትፈራላችሁ?»፣ «ችግር ቢደርስባችሁ የምትጠሩት ጎረቤት አለ?» ዓይነት። ሥራው ሳይጀመር ጠይቁ፣ ሲያልቅ ጠይቁ፣ ከዓመት በኋላም ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቃል ድገሙት። ሥራው ያልደረሰበትን ተመሳሳይ መንደርም ጎን ለጎን ጠይቁ፤ አለበለዚያ የመንገድ መብራት ስለገባ የመጣውን ለውጥ ለሥዕሉ ትሰጡታላችሁ። ጠያቂው የማኅበሩ ሰው አይሁን፤ ሰው ደስ እንዲላችሁ ብሎ ይመልሳል። የመገኘት መዝገብ በስም ይያዝ፣ ያቋረጠውንም በሁለት ሳምንት ውስጥ «ለምን ቀረህ?» በሉት። ከአቋራጮች የምታገኙት መልስ ከሁሉ ይበልጣል።

ባለ_ቦታ፦
ሁላችሁም የዘለላችሁት አንድ ነገር አለ፦ ቦታው። ሥራችሁ ከተሳካ ሰፈሩ ይወደዳል፣ ኪራይ ይጨምራል፣ ሥዕሉን የቀባችሁላቸው ሰዎች ይለቃሉ። በሂውስተን የሚገኘው ፕሮጀክት ሮው ሃውስስ ይህን ከመጀመሪያው አስቦበታል። ሪክ ሎውና ሌሎች ሠዓሊዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ሊፈርሱ የቀረቡ 22 ጠባብ ቤቶችን ይዘው ገሚሱን የሥዕል ማሳያ፣ ገሚሱን እየተማሩ ልጅ የሚያሳድጉ ወጣት እናቶች መኖሪያ አደረጓቸው፤ በኋላም በአቅም የሚከራይ ቤት ወደ መሥራት ተሻገሩ። ትንሽ ማኅበር መሬት መግዛት ባይችልም ረጅም የኪራይ ውል መፈረምና አዳራሹን ለነዋሪው ስብሰባ በነፃ ክፍት ማድረግ ይችላል። ውሉ አንድ ዓመት ብቻ ከሆነ ሥራውን አትጀምሩት፤ ልጆችን ሰብስቦ መበተን ካለመጀመር ይከፋል።

ጀማሪ_ማኅበር፦
እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ብዙ ተማርን። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ገንዘቡ የአንድ ዓመት ነው፤ ለጋሹም በዓመቱ መጨረሻ የሚታይ ነገር ይፈልጋል። ቲያትሩን መርጠን በሱ ብቻ ብንቆም ይሻላል ወይስ በግድግዳ ሥዕል ብንጨርስ?

አወያይዋ፦
በአንድ ዓመት የሙዚቃውን ተዉት፤ ልጅ መሣሪያ ለምዶ ለውጡ እስኪታይ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ሁለት ወር ለማድመጥና ለመነሻ መጠይቁ አድርጉት፤ ቀጥሎ አራት ወር ቲያትሩ። ከመድረኩ የወጣው ሐሳብ የሥዕሉን ርዕስ ይሰጣችኋል፤ ስለዚህ ለሥዕሉ ተብሎ አዲስ ስብሰባ ከዜሮ አይጀመርም። ግድግዳው ትንሽ ይሁን።

ልስንና_ቀለም፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ብቻ የግድግዳውን ፈቃድና የእርጥበት ፍተሻ ለመጨረሻ አታቆዩት፤ በመጀመሪያው ወር ጨርሱት። ፈቃድ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ግድግዳው እርጥብ ሆኖ ከተገኘም ሌላ የምትፈልጉበት ጊዜ ይኖራችኋል። በዝናብ ወቅት ጨርቅ አይለጠፍም፤ የመለጠፊያውን ሳምንት ከዚያ ውጪ አድርጉና ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ዕቅዱን አውጡ። ከሥዕሉ በጀት አንድ አሥረኛውን ለእድሳት ለይታችሁ ያዙ፤ ለለጋሹም ከመጀመሪያው ንገሩት።