ዳይፐሯ ሁሌ እርጥብ ነው፤ ታዲያ ካቴተር ለምን? (ስፓይና ቢፊዳ)

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 3 ዓመቷ ነው። ስትወለድ ጀርባዋ ላይ የነበረው ስፓይና ቢፊዳ (አከርካሪው ሳይዘጋ መወለድ) በቀዶ ጥገና ተዘግቷል፤ ጭንቅላቷ ላይ ሻንት (የጭንቅላት ፈሳሽ ወደ ሆድ የሚያወርድ ቱቦ) አላት። አሁን ደግሞ በየ4 ሰዓቱ በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ሽንቷን እንድናወጣ ታዟል። ዳይፐሯ ግን ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው፤ ሽንት አልተከለከለችም። አያቷ ሆዷን ጫን ሲያደርጉላት እንዲያውም ብዙ ይወጣል። ቱቦ ማስገባት ለምን አስፈለገ? ካቴተሩም ሁልጊዜ አይገኝም። የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ።

የህፃናት ነርስ፦
እህቴ፣ ዳይፐሩ ስለረጠበ ፊኛዋ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ሞልቶ ሲፈስ ግቢው ይረጥባል፤ ሮቶው ግን ሙሉ ነው። የፊኛ ነርቮች የሚወጡት ከህብለ ሰረሰር ታችኛው ጫፍ ነው፤ እሱ ሲጎዳ ፊኛው ሊጨመቅ ሲል በሩ አይከፈትለትም። ግፊቱ ወደ ላይ ይመለሳል፣ ሽንቱ ወደ ኩላሊት ይገፋል። የጀርባ ጠባሳ ይታያል፣ እግርም ይታያል፤ ኩላሊት ግን ሳያመው ነው የሚበላሸው። ስለዚህ አያቷ መጫኑን ዛሬውኑ ይተዉት። በተዘጋ በር ላይ መጫን ያንኑ ግፊት ማብዛት ነው።

አሠራሩ፦ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ጓንት የግድ አይደለም፤ ቤት ውስጥ የሚፈለገው ንጹህ እጅ ነው። ብልቷን ከፊት ወደ ኋላ በውሃ ጥረጊ። ለእሷ ዕድሜ ብዙ ጊዜ 8 ቁጥር ውፍረት ያለው ካቴተር ነው የሚታዘዘው። ጫፉን በውሃ በሚሟሟ ጄል ቀቢ፤ ቬዝሊን አይሆንም። የሽንት ቀዳዳው ከብልት ቀዳዳ (ቫጃይና) በላይ ያለችው ትንሿ ነች። ሽንት እስኪመጣ አስገቢ፣ ሲመጣ 1 ሴ.ሜ. ያህል ጨምሪ። ሲቆም ቀስ እያልሽ አውጪ፤ መሃል ላይ እንደገና ከፈሰሰ እዚያው ቆም በዪ። ተሳስቶ ብልት ቀዳዳ (ቫጃይና) ከገባ አታውጪው፣ እዚያው ተዪውና በሌላ ንጹህ ካቴተር ከበላዩ ሞክሪ፤ ሁለተኛ እዚያው አትገቢም።

የወጣውን በሚሊ ሊትር ባለ ኩባያ ለኪና መዝግቢ። የልጅ ፊኛ የሚይዘው በግምት ዕድሜ ሲደመር 1፣ ሲባዛ በ30 ነው፤ ለ3 ዓመት 120 ሚ.ሊ.። በየጊዜው ከዚያ በላይ እየወጣ ከሆነ 4 ሰዓት በዝቶባታል። መጠኑ ትንሽ ሆኖ በመሃል እየፈሰሰች ከሆነ ደግሞ ፊኛው ራሱ እየተኮማተረ ይሆናል፤ ፊኛውን የሚያላላው መድኃኒት፣ ኦክሲቡቲኒን፣ የሚታዘዘው ለዚያ ነው። መዝገቡን ይዘሽ ሂጂ፣ ያለ እሱ ሐኪሙ የሚገምተው ብቻ ነው። የኩላሊት አልትራሳውንድ ቀጠሮ እንዳያልፍሽ።

ካቴተሩ ለአንድ ጊዜ ተብሎ ነው የሚሠራው። በማይገኝበት ቦታ ግን ወዲያው በሳሙና አጥቦ፣ ውስጡን በስሪንጅ ንጹህ ውሃ አሳልፎ፣ አንጠልጥሎ አድርቆ በንጹህ ደረቅ ዕቃ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ሲጠነክር፣ ሲሰነጠቅ ወይም ሲደበዝዝ ይጣላል። ለሌላ ልጅ አይዋስም። በምትኩ 8 ቁጥር የመመገቢያ ቲዩብ ከተሰጠሽ ረጅምና ለስላሳ ስለሆነ አብዝተሽ አታስገቢ፤ ፊኛ ውስጥ ይቋጠራል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሽንቷ አንዳንዴ ይሸታል፣ ይደፈርሳል። ሲፕሮ (አንቲባዮቲክ) ግዙላት የሚሉኝ አሉ።

ፋርማሲስት፦
አትግዢ። በካቴተር የሚወጣ ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ሽታ ብቻውን ኢንፌክሽን አይደለም፣ ውሃ አብዝተሽ ስጪያት። ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ የጎን ህመም፣ ወይም ደረቅ የነበረችው ድንገት መፍሰስ ከጀመረች ነው የሽንት ካልቸር (ባክቴሪያውን የሚለይ ምርመራ) ተወስዶ የሚታከመው። በየሽታው አንቲባዮቲክ ከወሰደች፣ የምር በታመመች ቀን የሚሠራ መድኃኒት ይጠፋል።

የላቴክስ (የተፈጥሮ ጎማ) ጉዳይም አለ። እነዚህ ልጆች ገና ከጨቅላነታቸው በቀዶ ጥገናና በካቴተር ስለሚነካኩት ለላቴክስ አለርጂ የመሆን ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ቢጫው ፎሊ (ፊኛ ውስጥ የሚቆየው ካቴተር) አብዛኛውን ጊዜ ላቴክስ ነው፤ የፕላስቲክ ወይም ሲሊኮን ጠይቂ። ሙዝና አቮካዶ ስትበላ ከንፈሯ ካበጠ ተናገሪ፣ ከላቴክስ አለርጂ ጋር ዝምድና አለው።

ፊዚዮቴራፒስት፦
ከላይ ያልተነሳው የሆድ ድርቀት ነው። የሞላ አንጀት ፊኛውን ይጫናል፤ የሻንቱ ጫፍ ሆድ ውስጥ ስለሆነ የእሱንም ፍሰት ሊያውክ ይችላል። ኦክሲቡቲኒን ደግሞ ድርቀት ይጨምራል። ቁርስ በበላች በ20 እና 30 ደቂቃ መካከል ፖፖ ላይ አስቀምጫት፣ እግሯ መሬት ወይም ሳጥን ይርገጥ፣ 10 ደቂቃ ይበቃል። እንድታምጥ አፏን ሞልታ ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ትንፋ። የጎማ ፊኛ አታስነፊያት፣ እሱም ላቴክስ ነው (ሁለቱንም ፊኛ ማለታችን አይረዳም)።

እግሯ ሙቀት ካልተሰማት ቡና ሲፈላ ከከሰል ምድጃው አርቂያት፤ ተቃጥላ ሳታለቅስ የሚቀሩ አሉ። የገላ ውሃ በክርንሽ ለኪ። ማታ ማታ ተረከዟንና የጣቶቿን መሃል እዪ፤ ጫማ ወይም ብሬስ (የእግር መደገፊያ) አውልቀሽ ከ20 ደቂቃ በኋላም ያልጠፋ ቅላት ካለ ያ ጫማ አይደረግ።

ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ ራስ ምታት፣ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ፣ ወደ ታች የሚያዩ ዓይኖች ከመጡ ሻንቱ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ሰዓት የነርቭ ቀዶ ጥገና ወዳለበት ሆስፒታል ነው። እግሯ ከቀድሞው እየደከመ ከሄደ ወይም የሽንቷ ልማድ ከተለወጠ ደግሞ ህብለ ሰረሰሯ በጠባሳው ተይዞ እየተሳበ ይሆናል፤ አድጋለች ብላችሁ አትለፉት።

ጠያቂ፦
ሁለተኛ ልጅ እያሰብን ነው። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው የብረት ኪኒን ይበቃል?

ፋርማሲስት፦
ለአንቺ አይበቃም። የተለመደው ኪኒን 60 ሚ.ግ. ብረትና 0.4 ሚ.ግ. ፎሊክ አሲድ አለው። ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ ለወለደች እናት፣ ችግሩ እንዳይደገም የሚመከረው ፎሊክ አሲድ በቀን 4 ሚ.ግ. ነው። እዚያ ለመድረስ 10 ኪኒን እውጣለሁ እንዳትዪ፤ 600 ሚ.ግ. ብረት ይመርዛል። ፎሊክ አሲድ ብቻውን ባለ 5 ሚ.ግ. ይዘጋጃል፤ ሐኪም ይዘዝልሽ። ከመፀነስ ቢያንስ 1 ወር፣ ቢቻል 3 ወር ቀድመሽ ጀምረሽ እስከ 12ኛ ሳምንት ትወስጃለሽ። የህፃኑ ጀርባ የሚዘጋው ከተፀነሰ በኋላ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ የወር አበባ ቀረ ብለሽ ስትመረመሪ ብዙው አልፏል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ በተለይ ቫልፕሮት የምትወስጂ ከሆነ ራስሽ አታቋርጪ፣ ግን ከመፀነስሽ በፊት ይቀየርልኝ ወይ ብለሽ ጠይቂ።