አብዶ ሲሰራብኝ ለምን ቶሎ እሸወዳለሁ?

የኮምቦልቻው ሁለት ቁጥር፦
ሰላም ልጆች። ለሰፈራችን ቡድን ቀኝ ተመላላሽ ነኝ። ሩጫ አያንሰኝም። ባለፈው እሁድ ግን ደሴ ወጥተን ስንጫወት የነሱ ግራ ክንፍ በአንድ ዓይነት አብዶ ሦስት ጊዜ ሸወደኝ። ትከሻውን ወደ ውስጥ ይጥላል፣ እኔ እከተለዋለሁ፣ እሱ በመስመሩ ይወጣል። ሦስተኛው ጎል ሆነ። የሐረጎን ቁልቁለት እስክንጨርስ ቃል አልወጣኝም። መሃል ተከላካያችን 38 ዓመቱ ነው፣ ከኔ በጣም ይዘገያል፣ እሱን ግን አንዴም አላለፈውም። ምን እያየ ነው?

የድሮ በረኛ፣ ደሴ፦
አብሽር ወንድሜ። መሃል ተከላካያችሁ የሚያየው የአጥቂውን ወገብ ነው፤ አንተ ትከሻውን ታያለህ። ትከሻ፣ ጭንቅላት፣ ወደ ጎን የሚወረወር እግር እንደልብ ይዋሻሉ። የሰውነቱ ክብደት ግን ሳይዞር ሰውየው የትም አይሄድም።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የራግቢ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ጀማሪዎቹ በአጥቂው ትከሻና እግር ተታለሉ። የበቁት የክብደቱን አቅጣጫ ተከተሉ፣ ለመንቀሳቀስም ከጀማሪዎቹ ዘግይተው ተነሱ። ልብ በል፣ ዘግይተው! እኔም ልጅ ሆኜ ገና መቺው ሲንደረደር እወረወር ነበር። ያሰለጠነኝ ሰው «የቆመበትን እግር እይ» እያለ ስንት ወር ለፋብኝ። ዛሬ እኔ ሆጤ አካባቢ ለማሰለጥናቸው ልጆች የምጮኸው ይህንኑ ነው። ኳስ ሳይኖር፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ ወገብ ብቻ እያያችሁ ተለማመዱ።

ቧንቧ ውሃ፦
ልምድ ያለውስ አይሸወድም እንዴ? በ1976 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ የቼኮዝሎቫኪያው ፓኔንካ ፔናልቲዋን መሃል ላይ ቀስ አድርጎ ሲያነሳት የምዕራብ ጀርመኑ በረኛ ዜፕ ማየር ወደ ግራው ወድቆ ነበር። ማየር እኮ የ1974 የዓለም ሻምፒዮን ነው።

የድሮ በረኛ፣ ደሴ፦
እውነትህን ነው። ፔናልቲ 11 ሜትር ነው። ኳሷ ከተመታች በኋላ ልነሳ ብትል ጠንካራ ምት አይደረስበትም። ስለዚህ በረኛ መገመት ግድ ይሆንበታል፤ ማየርን ያስያዘውም ይኸው ነው። ተመላላሽ ግን ጊዜ አለው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እያፈገፈገ መጠበቅ ይችላል። የኮምቦልቻው ልጅ ያለ ግዴታው ነው የገመተው።

የኮምቦልቻው ሁለት ቁጥር፦
ጋሼ፣ እንዳሉኝ ትናንት ታናሽ ወንድሜን ይዤ ሞከርኩት። መጀመሪያ ዓይኔ ወደ ትከሻው እየሸሸ አስቸገረኝ። በኋላ ከአሥር ስድስቱን ያዝኩት። ወደ ግራ ሲሄድ ግን አሁንም ይቀድመኛል። ጠዋት ከሥራ በፊት ደግመን እንወጣለን።